ከሲንጋፖር እስከ ኒውዮርክ ያለ ማቋረጥ

ዛሬ ከሲንጋፖሩ ቻንጊ ተነስቼ ኒውዮርክ በሚገኘው የጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ አረፍኩ። በሁለቱ መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ የትኛውም ሁለት ቦታ ከ20,000 ብዙም ሊራራቅ እንደማይችል ሳስብ፣ የዛሬው ጉዞ ምን ያህል ረጅም እንደነበር ይበልጥ ገባኝ።

አጭሩ መስመር በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያልፋል፤ እኛ ግን የሄድነው በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ነው። ምክንያቱ ነፋስ ነው። በ10,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም ከኋላ ሲገፋ፣ በኪሎ ሜትር የሚረዝመው መንገድ በሰዓት ያጥራል። ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ ከ900 ብዙም የማይርቀው ፍጥነታችን ከጃፓን በስተምሥራቅ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ተመለከትኩ፤ አውሮፕላኑ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ግን ያው እንደነበረው ነበር። ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ የበረራ ሰዓት የሚነግር የኢንተርኔት ማስያ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ መንደርደሪያው ላይ ወረፋ መጠበቁንማ ተዉት።

ከሁሉ የገረመኝ ቀኑ ነው። ቀትር ላይ ተነስተን፣ 18 ሰዓት ያህል በርረን፣ በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ደረስን፤ የቀን መለወጫውን መስመር ወደ ምሥራቅ የሚሻገር መንገደኛ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚቆጥር ማለት ነው። ሰውነቴ ግን ይህን ስሌት ገና አልተቀበለውም።