የሥዕል ቅጂን በኦንላይን ገበያ መሸጥ ለሠዓሊው ያዋጣል?

አንዲት ወጣት ሠዓሊ የሥዕሎቿን ቅጂ እያሳተመች በኦንላይን ገበያ ብትሸጥ ያዋጣት እንደሆነ ሰሞኑን ጠየቀችኝ። እኔም በዚሁ መንገድ ለዓመታት ስሸጥ ስለቆየሁ፣ «ገዢውን ራስሽ የምታመጪ ከሆነ ያዋጣል» አልኋት። ምክንያቴን ግን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

ሒሳቡን እናስቀድም። ኤትሲ በሚባለው የኦንላይን ገበያ ላይ አንድን ሥዕል ለሽያጭ ማውጣት 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ ይህም የሚያገለግለው ለ4 ወር ነው። ሥዕሉ ሲሸጥ ገበያው 6.5 በመቶ ይወስዳል፤ እ.ኤ.አ. እስከ ኤፕሪል 2022 ድረስ 5 በመቶ ነበር። አሜሪካ ያለ ሻጭ ለክፍያ አገልግሎቱ 3 በመቶና 25 ሳንቲም ይጨምራል። ስለዚህ መላኪያውን ጨምሮ በ30 ዶላር ከተሸጠ ቅጂ 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይቀነሳል ማለት ነው። ገዢው የመጣው ኤትሲ በሌሎች ድረ ገጾች ባስነገረው ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ፣ ከዚህ አሠራር ራሱን ያላስወጣ አነስተኛ ሻጭ ሌላ 15 በመቶ፣ ማለትም 4 ዶላር ተኩል ይከፍላል። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ የካርቶን ቱቦውና ፖስታው ገና አልተነሡም፤ ሠዓሊው ሲያሽግ የዋለበትን ሰዓት የሚቆጥርለትም የለም።

ትእዛዝ ሲመጣ ራሳቸው አትመው የሚልኩ ድርጅቶች ይህን ድካም ያስቀራሉ። ለምሳሌ ፋይን አርት አሜሪካ የማምረቻውን ዋጋ ይተምንና ሠዓሊው ትርፉን በላዩ እንዲጨምር ያደርጋል። ችግሩ ሠዓሊው በስሙ የሚሸጠውን ቅጂ በዓይኑ ሳያየው ገዢው ቤት መድረሱ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ድርጅት የራሴን ሥዕል አንድ ቅጂ አዝዤ ነበር፤ በስክሪን ላይ ጥልቅ ሰማያዊ የነበረው የሌሊት ሰማይ ጥቁር ሆኖ መጣ፤ የብሩሹም ዱካ ጠፍቶ ነበር። ስክሪን ቀለምን የሚፈጥረው በብርሃን፣ ወረቀት ደግሞ በማተሚያ ቀለም ስለሆነ፣ ፋይሉ ለማተሚያው ካልተዘጋጀ እንዲህ ያለው ጥፋት የሚጠበቅ ነው። በኢንች 300 ነጥብ ለሚታተም 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቅጂ 3,543 በ4,724 ፒክሰል ገደማ ያስፈልጋል፤ በስልክ የተነሣ ተራ ፎቶ ፒክሰሉ ቢበቃ እንኳ የቀለሙን እውነት አይዝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የገዢው ጉዳይ ነው። በገበያው የፍለጋ ሳጥን የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ለሳሎኑ የሚስማማ ሥዕል ስለሆነ፣ የኔን ከአጠገቡ ካሉት በርካታ ሥዕሎች ጋር በዋጋ ያወዳድራል፤ ከገዛም በኋላ የሚያስታውሰው የገበያውን ስም ነው። በመጀመሪያው ዓመት 40 ሥዕሎች አውጥቼ፣ ሽያጩ ከሞላ ጎደል የመጣው ከሁለቱ ብቻ ነበር፤ የገዟቸውም ሥዕሎቹን አስቀድመው በኤግዚቢሽን ወይም በማኅበራዊ ገጼ ያዩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ሥዕሎችን በተወሰነ ቁጥር አሳትማለሁ፤ በግርጌው ኅዳግ ላይ 7/50 (ከ50 ቅጂ ሰባተኛው) ብዬ በእርሳስ ቁጥሩን ጽፌ እፈርማለሁ። ያን ፊርማ የሚፈልግ ገዢ ከተራ ቅጂ የላቀ ዋጋ ለመክፈል አያመነታም፤ ገበያው የሚጠቅመኝም ክፍያውን ተቀብሎ እንዲያስተላልፍልኝ ነው።

ለወጣቷም ሁለት ሥዕሎች ብቻ መርጣ ከእያንዳንዳቸው 20 ቅጂ በማሳተም እንድትጀምር መከርኋት። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ናሙና ይዛ መጣች፤ ከዋናው ሥዕል ጎን አድርገን በመስኮት ብርሃን ስናየው ቀዩ ፈዞ ስላገኘችው፣ እንዲያስተካክለው ለማተሚያ ቤቱ መልሳለታለች።