«ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይስብም»፦ በነፃ የጻፍነው ገጽ ደንበኛ ሲያመጣ

ደብረ ማርቆስ ላይ የውሃ ፓምፕ፣ ቱቦና የጠብታ መስኖ ዕቃ እንሸጣለን። ሱቁ የአጎቴ ነው፣ ድረ ገጹ የኔ። ድረ ገጽ ከፍታችሁ «አሁን ምን ልጻፍበት?» ለምትሉ ነጋዴዎች እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

በፊት ገጻችን እንደ ሁሉም ሱቅ ነበር። «ጥራት ያላቸው ዕቃዎች በተመጣጣኝ ዋጋ» ይላል። እንዲህ ያለውን ማን ያነባል? ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ሰው የሚጠይቀንን በደብተር መያዝ ጀመርኩ። ከሁሉም የበዛው አንድ ነው፦ «ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይስብም፤ ምን ሆኖ ነው?» ጥያቄውን እንዳለ ርዕስ አደረግኩት። ከታች መልሱን ሳልሰስት ጻፍኩት።

መልሱ ይኼው። ፓምፕ ውሃን ጎትቶ አያወጣም። ከቱቦው ውስጥ አየሩን ያስወጣል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ይህ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሳል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ማርቆስ 2,400 ሜትር ታልፋለች፣ እዚህ 8 እንኳ አይሞላም። እሱም በወረቀት ላይ ነው። የቱቦው ርዝመትና የፓምፑ የራሱ ድርሻ ሲቀነስ፣ እኔ ደፍሬ የምመክረው 5 ሜትር ነው። ብዙ መመሪያ ላይ ግን «8 ሜትር ይስባል» ይላል። ፋብሪካው አልዋሸም፣ የጮቄ ተራራን ግርጌ አስቦ አልጻፈውም እንጂ።

ሞተሩም ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር በቀይ ጽፌዋለሁ። አንዳንዱ ገበሬ ውሃው ሲርቅበት የቤንዚን ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ያወርዳል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታም ቀለምም የለው። ጉድጓድ ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ይገድላል። ደንበኛም ሁን አትሁን፣ ይህን ሳታነብ እንዳትወጣ ብዬ ከላይ አስቀመጥኩት።

ቀጥሎ የጻፍኩት የሒሳብ ገጽ ነው። አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል እንበል። ያ 12,500 ሊትር ነው። አፉ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በአንድ ሜትር ውሃ የሚይዘው 785 ሊትር ነው። በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ትንሽ ፓምፕ እሱን ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የፓምፑ ማነስ አይደለም፣ የጉድጓዱ ቶሎ አለመሙላት ነው። መጀመሪያ ጉድጓዱን ጨርሳችሁ ቅዱ፣ ከዚያ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ያዙ። ትልቅ ፓምፕ ከመግዛት በፊት።

አጎቴ ይህን ሲያነቡ ተቆጡ።
«አትግዙ እያልካቸው እኮ ነው!»
«ጋሼ፣ ያለ ልኩ ገዝቶ መልሱልኝ ሲል አይደል የምንጨቃጨቀው?»
«እሱስ ነው» አሉ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ዛሬም ዋጋ ገጹ ላይ እንዳይወጣ ብለው ይዘውኛል። እኔ ይውጣ ባይ ነኝ፣ አልተስማማንም።

ነገሩ የኔ ፈጠራ አይደለም። ጆን ዲር የተባለው የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ለገበሬዎች የእርሻ መጽሔት ያሳትማል። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ማረሻ ሻጭ ስለ አዘራር ሲያስተምር ማንም ሞኝ አላለውም።

ምን ተለወጠ? የሚደውለው ሰው ተለወጠ። ድሮ «ፓምፕ ስንት ነው?» ነበር። አሁን «ውሃው 9 ሜትር ላይ ነው፣ በሶላር የሚሠራ ሰብመርሲብል አላችሁ?» ይላል። ሰብመርሲብል ውሃ ውስጥ ሆኖ ስለሚገፋ የከፍታው ጣጣ አይነካውም። እንዲህ ያለው ሰው ጋ ክርክር የለም፣ ልኩን አውቆ ነው የሚመጣው። ከደንበጫና ከቢቸናም ይደውላሉ። አንብበው አየር የሚያስገባውን የቱቦ ማሰሪያ (ክላምፕ) አጥብቀው የቀሩም አሉ። ከነሱ ሳንቲም አላገኘንም። ግድ የለም፣ መጀመሪያም ክላምፕ ነበር የምንሸጥላቸው።

አሠራሩን በአጭሩ። ሠንጠረዥ ካላችሁ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ አስቀምጡት። ፎቶ ዳታ ይበላል፣ ጎግልም ጽሑፉን ነው በደንብ የሚያገኘው። የጎግል ሰርች ኮንሶል ነፃ ነው። ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንደመጣ ያሳያችኋል፣ የሚቀጥለው ርዕሳችሁ እዚያው አለ። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ዳታ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ገጽ አትሜ የሱቁ በር ላይ ለጥፌአለሁ። ቅዳሜ ገበያ የመጣ ሰው ቆሞ ያነበዋል፣ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤቱ ያነብለታል። እንዲያውም ከስልኩ ይልቅ በሩ የሚሻል የሚመስለኝ ቀን አለ።

በነፃ የማልሰጠው ሄዶ መለካት ነው። ማሳው ድረስ ከሄድኩ አስከፍላለሁ፣ ይህንንም ገጹ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

የሚቀጥለው ርዕስ የጠብታ መስኖ ቱቦ ለምን እንደሚደፈን ነው። ሐሳቡን ያመጡት አጎቴ ናቸው፣ ማጣሪያ በብዛት አስገብተው ነበርና። እጽፈዋለሁ። አሮጌውን ማጣሪያ አጥቦ እንዴት ደግሞ መጠቀም እንደሚቻልም እጨምርበታለሁ፣ እሱን ግን ገና አልነገርኳቸውም።