62 ተማሪ፣ አንድ ጀበና

የትምህርት ዘመኑ በተከፈተ ቁጥር ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ አይለወጥም፤ ምንም ነገር ፊታቸው ሳላስቀምጥ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጀበና እንዲስሉ አዛቸዋለሁ። ጀበና የማያውቅ ልጅ ስለሌለ ማንም አያጉረመርምም። ወረቀቶቹን ስሰበስብ ግን አንዱ ሥዕል 62 ጊዜ የተገለበጠ ይመስላል፤ ክብ ሆድ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ በስተቀኝ የጥያቄ ምልክት የመሰለ እጀታ፣ ከአፉ የሚወጡ ሦስት የተጠማዘዙ የእንፋሎት መስመሮች። እንፋሎቱን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ ሦስት መሆኑን ግን ከዓመት ዓመት ቆጥሬ አረጋግጫለሁ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከቤት ያመጣሁትን ጀበና ከነማቶቱ ጠረጴዛ ላይ በተሰቀለ ወንበር አናት አስቀምጥና ያንኑ ሥራ እደግመዋለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ያኔ ነው። በመስኮት በኩል የተቀመጡት እጀታውን ሙሉ በሙሉ ሲያዩት፣ መሐል ረድፍ ያሉት ደግሞ ሆዱና አንገቱ ስለሚጋርዱባቸው ጨርሶ አያዩትም፤ ሆኖም እነሱም እጀታውን በስተቀኝ ይስሉታል። አንዱን ተማሪ «ይህን እጀታ ከተቀመጥህበት ሆነህ ታየዋለህ?» ብዬ ስጠይቀው «አላየውም፤ ግን አለ» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ሥዕሉ ግን ከሚያውቀው እንጂ ከሚያየው የመጣ አልነበረም። በእኔ ግምት ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለ የሥዕል መምህር ዋና ሥራ ይህን ልዩነት ልጁ በራሱ ዓይን እንዲደርስበት ማድረግ ነው። ጥላ አሰጣጥም ሆነ የቀለም ቅልቅል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ዘዴ ጀበናውን እንዲተዉት መንገር ነው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ፣ ልክ ከወረቀት ተቆርጦ እንደወጣ ቁራጭ አድርገው እንዲስሉት አዛለሁ። ልጁ ለጀበና በልቡ ያስቀመጠው የተዘጋጀ ሥዕል አለው፤ ለክፍተቱ ግን ምንም ስለሌለው ሳይወድ በግድ ቀና ብሎ ማየት ይጀምራል። ክፍሉ ጸጥ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ክፍተቱ በትክክል ሲወጣ እጀታውም አንገቱም ሳይሳሉ ተስለው ይገኛሉ፤ «ቲቸር፣ እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ ዓመቱን የጀመረው ልጅ ወረቀቱን ለጎረቤቱ ሲያሳይ ያየሁትም ብዙ ጊዜ በዚህ ዕለት ነው።

ይህች «አልችልም» የምትባለው ቃል የምትመጣው በ12ና በ13 ዓመት ገደማ ነው። ትንንሽ ልጆች እጃቸው ያወጣውን ሁሉ ወድደው ይቀበላሉ፤ በ7ኛ ክፍል ግን ሥራቸውን ከፎቶግራፍ ጋር ማወዳደር ይጀምሩና ያፍራሉ። እኛም «ተሰጥኦ ያለው» እና «የሌለው» እያልን ከፋፍለን ነገሩን እናጸናዋለን። ላጲስ ከክፍሌ ያስወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያፍር ልጅ 40 ደቂቃውን ሙሉ አንዲት መስመር ሲያጠፋና ሲመልስ፣ በመጨረሻም ወረቀቱን ሲቀድ ይውላል። የተሳሳተው መስመር ይቆይና ትክክለኛው ከጎኑ ይሰመር እላለሁ። ወላጆች ደብተሩ ቆሸሸ ብለው ሁለት ጊዜ ቅሬታ አቅርበውብኛል።

ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የምገናኘው ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሥነ ጥበብ ክበብ ነው። አንድ ቀን ጓደኛሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊታቸውን ከጎን በኩል እንዲሳሳሉ አዘዝኩ። አንዲት ተማሪ እርሳሷን አስቀምጣ «ቲቸር፣ በጎን ከሳልኳት ክፉ ሰው አትመስልብኝም?» አለች። ከአያቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የተማረችው ነገር ነበር፤ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው ሲሳሉ፣ ክፉዎች ከጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ያዘጋጀሁትን ትምህርት ትቼ የቀረውን ጊዜ በዚህ ላይ አዋልኩት። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉት የመላእክት ፊቶች ሁሉ ወደ ታች የሚመለከቱት በሁለት ዓይን መሆኑን በስልኬ ፎቶ አሳየኋቸው። ሠዓሊዎቹ ጎን መሳል አቅቷቸው ሳይሆን ዓይን ምን እንደሚናገር ስለወሰኑ ነው የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ በመጨረሻ ጓደኛዋን በከፊል ዞር ያለች አድርጋ፣ ሁለተኛውን ዓይን ጫፉን ብቻ አሳይታ ሳለቻት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማስተማር ቀሎኛል። አባታቸው የብራና መጻሕፍት የሚያስጌጡ ካህን እንደነበሩ፣ እርሳቸው ደግሞ በጀርመን አገር ኮሎኝ ተምረው ተመልሰው ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩ እነግራቸዋለሁ። ረቂቅ ሥዕሎቻቸውን ሲያዩ «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» የሚል አይጠፋም። እኔም ቀለምና ወረቀት እሰጠዋለሁ። ቀይ በቀይ ላይ ሲደራርብ ጭቃ የሆነበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሥዕሉን ሌላ ዓይነት አድርጎ ያየዋል።

ቀለም ውድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከወጥ ቤት እንበደራለን። ቡና ጥሩ ቡናማ ይሰጣል፤ እርድ የሳሙና ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ መለወጡ ልጆቹን እጅግ ያስደስታቸዋል፤ የቀይ ሥር ቀለም ግን ግድግዳ ላይ በፀሐይ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ይጠፋል።

ውጤት የምሰጠው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጀበና ጎን ለጎን አያይዤ፣ ለውጡን አይቼ ነው። ዘንድሮ ግን ታላላቆቻቸው ምስጢሩን ስለነገሯቸው አራት ልጆች የመጀመሪያውን ሆን ብለው አበላሽተው ሳሉ። አንደኛው ጀበና አስቀያሚ እንዲሆን ብሎ ከልክ በላይ ስለተጨነቀበት ከክፍሉ ሁሉ የተዋጣለት ሥዕል ሆኖ ቀረ። በግንቦት ደግሞ ክፍለ ጊዜዬ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ስለሚወሰድ የመጨረሻውን ጀበና ለማሳል በየዓመቱ ምሳ ሰዓት መለመን አለብኝ።

ባለፈው ወር ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ ለሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ስለሠሯቸው ባለቀለም የመስታወት ሥዕሎች ሳስተምር ስፋታቸው 150 ካሬ ሜትር ነው ብል ቁጥሩ ለማንም ትርጉም አልሰጠም። ስለዚህ ገመድና ጠመኔ ይዘን ወደ ሜዳው ወጣንና 15 ሜትር በ10 ሜትር አድርገን አሰመርን። 62ቱም ውስጡ ገብተው ቢቆሙ አንዱን ማዕዘን ብቻ ሞሉት። አንዱ «ሲሠሩት ሙሉውን ከየት ሆነው አዩት?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌሎቹ መልስ ፍለጋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሮጡ። ሰኞ ጠዋት መስመሩ አልጠፋም ነበር። ለሰንደቅ ዓላማ የተሰለፉት የሌላ ክፍል ልጆች ምንነቱን ሳያውቁ፣ ላለመርገጥ ዙሪያውን ሲሄዱ ከመስኮት አየኋቸው።