ፕሌይስቴሽን ወይስ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር? የአምስት ዓመት ወጪ ከቱሉ ዲምቱ ሲታይ

የጌም መጫወቻ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር እንደ እኔ ላለ ሰው ግን የአንድ መሣሪያ ውድነት ወይም ርካሽነት የሚታወቀው በተገዛበት ቀን ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ምን ያህል ዶላር እየደጋገመ እንደሚጠይቅ ሲሰላ ነው። ስለዚህ ፕሌይስቴሽን 5ን እና በእጅ ከሚያዙት የጌም ኮምፒውተሮች መካከል ስቲም ዴክን አምስት ዓመት ያገለግላሉ በሚል ግምት ጎን ለጎን አስልቻቸዋለሁ።

ዲስክ የሚቀበለው ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ሲቀርብ 499 ዶላር ነበር። ቀድሞ ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም መጫወቻ) በቆየ ቁጥር ይረክስ ነበር፤ የአሁኑ ትውልድ ግን ልማዱን ሽሮ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 እዚያው አሜሪካ 50 ዶላር ተጨምሮበታል። ኦሌድ ስክሪን ያለው ስቲም ዴክ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው በ549 ዶላር ሲሆን፣ ቴሌቪዥን ላይ መጫወት ለሚፈልግ ሰው በ89 ዶላር ለገበያ የቀረበው ማገናኛ እና ሁለት ጆይስቲክ ይጨመሩበታል። በወጡበት ዋጋ ብንሄድ፣ ፕሌይስቴሽኑ ከራሱ ጋር ከሚመጣው ሌላ አንድ ተጨማሪ ጆይስቲክ በ70 ዶላር ሲገዛለት 569፣ ስቲም ዴኩ ደግሞ 778 ዶላር ይሆናል። ዕቃው በመንገደኛ እጅ የሚመጣ ከሆነ ክብደቱም መታሰብ አለበት፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 ከ4 ኪሎ በላይ ሲመዝን ስቲም ዴክ አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም።

እስከዚህ ድረስ ፕሌይስቴሽኑ በ209 ዶላር ይረክሳል። ነገሩ የሚለወጠው በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር መጫወት ሲመጣ ነው። እንደ ፎርትናይት ያሉት ነፃ ጌሞች ክፍያ ባይጠይቁም፣ የሚሸጡትን ጌሞች ፕሌይስቴሽን ላይ በኢንተርኔት ለመጫወት ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባል የሚከፈልበት አባልነት ያስፈልጋል፤ የዝቅተኛው ደረጃ ዓመታዊ ክፍያም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከ60 ወደ 80 ዶላር ከፍ ብሏል። የስቲም ዴክ ጌሞች የሚገዙበት የኢንተርኔት መደብር፣ ስቲም፣ ለዚህ ምንም አያስከፍልም። በመሆኑም የ209 ዶላሩ ልዩነት በሦስተኛው ዓመት ውስጥ ተካክሶ ያልቃል።

ለእኛ ግን ከዶላሩ ቁጥር ይልቅ የሚከፈልበት ጊዜ ይበልጥ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆኗል። በ57 ብር ሲመነዘር 4,560 ብር የነበረው ያው የ80 ዶላር ክፍያ በ120 ብር ሲመነዘር 9,600 ብር ነው። አንድ ጊዜ ከፍለው የጨረሱት ዶላር ከዚያ በኋላ የምንዛሪ ለውጥ አይነካውም፤ በየዓመቱ የሚከፈለው ግን የብሩን መውረድ እየተከተለ ይወጣል። ከውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ ጊፍት ካርድ የሚገዛው የሻጩን ትርፍ ጨምሮ ነው። ለረጅም ጊዜ ለሚያስብ ሰው መነሻው ከፍ ብሎ ተደጋጋሚ ክፍያ የሌለበት ግዢ ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጌሞቹ ዋጋ ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ይሰጣል። አዲስ የፕሌይስቴሽን 5 ትልልቅ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ 70 ዶላር ናቸው። ስቲም በበጋ እና በክረምት ወራት በሚያደርጋቸው ታላላቅ ቅናሾች ጥቂት ዓመታት ያለፋቸው ጌሞች በሩብ ዋጋ ሲሸጡ ማየት የተለመደ ነው። የፕሌይስቴሽን መደብርም ቅናሽ ያደርጋል፤ ሆኖም የኮምፒውተር ጌም የሚሸጡ መደብሮች ብዙ ስለሆኑ ገዢው አማርጦ ይገዛል። በሌላ በኩል ዲስክ የራሱ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ያገለገለ ዲስክ በብር ተገዝቶ፣ ተጫውተው ሲጨርሱት በብር ይሸጣል ወይም ከጓደኛ ጋር ይለዋወጣሉ። ስቲም ላይ የተገዛ ጌም ግን ተመልሶ አይሸጥም። ዲስክ አልባውን ፕሌይስቴሽን ለማንም የማልመክረው፣ ኮንሶሉ እዚህ አገር ያለውን ዋነኛ ብልጫ አስቀድሞ ስለሚያሳጣው ነው።

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ እዚህ ሰፈር ጌም ሲባል በአመዛኙ ኳስ ማለት ነው። የኳስ ጌሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 በማጭበርበር መከላከያ ሶፍትዌሩ ምክንያት በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ በሚሠራው ስቲም ዴክ ላይ አይሠራም። ዊንዶውስ የተጫነባቸው እንደ ሮግ አላይ ያሉት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሮግ አላይ ኤክስ ሲወጣ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኳስ ከመጫወት ሌላ ፍላጎት የሌለው ሰው የኢንተርኔት ክፍያውም ስለማይመለከተው፣ ያለ ብዙ ማውጣት ማውረድ ዲስክ የሚቀበል ኮንሶል ይግዛ።

የመብራት ክፍያ እንደሚወራለት አይደለም። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲያጫውት 200 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ6 ብር ብናስበው እንኳ ከ108 ብር አያልፍም፤ ስቲም ዴክ ደግሞ 25 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ከ14 ብር በታች ይሆናል። ዋናው ጣጣ የመብራቱ መቆራረጥ ነው። ኮንሶሉ ጌም መሀል ሲጠፋ ያልተቀመጠው ጨዋታ ይባክናል፤ መብራቱ ኃይሉን ጨምሮ ሲመለስ ደግሞ ለዕቃው ያሰጋል። ስለዚህ የኮንሶል ባለቤት የስታቢላይዘር፣ ከቻለም የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ወጪ ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። በእጅ የሚያዘው በራሱ ባትሪ ስለሚቀጥል መብራት ሄደ መጣ አይሰማውም።

ኢንተርኔቱም ወጪ ነው፤ ከ100 ጊጋባይት በላይ የሆነ ጌም በሞባይል ዳታ ማውረድ የማይታሰብ ነው። ስቲም እ.ኤ.አ. በ2023 ያመጣው አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጌሙ ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው አንደኛው ካወረደው ሌላው ያለ ተጨማሪ ዳታ ይገለብጠዋል።

ባትሪው በተራው ያረጃል፤ አምስት ዓመት ለማገልገል አንድ ጊዜ መቀየሩ አይቀርም ብዬ አስቤያለሁ። የስቲም ዴክ ባትሪ በሙጫ የተጣበቀ በመሆኑ ነቅሎ መተካቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ለፕሌይስቴሽን ግን ጠጋኝም ገዢም በቀላሉ ይገኛል፤ ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት መሣሪያውን ሸጦ ከዋጋው የተወሰነውን ማስመለስ ለሚፈልግ ሰው ሚዛኑ እንደገና ወደ ኮንሶሉ ያጋድላል። ስቲም ዴክን በጊዜው በአማርኛ ኪቦርድ ለጽሕፈት እና ለቢሮ ሥራ ጭምር የተጠቀመበት ሰው ደግሞ ላፕቶፕ ሳይገዛ የቀረበትን ገንዘብ ከወጪው ላይ መቀነስ አለበት።