በኦርኬስትራ ደብል ቤዝ ጀምሬ ወደ ጃዝ፣ ታንጎና የኩባ ሙዚቃ እንዴት ተሻገርኩ

ሥራዬ በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ደብል ቤዝ፣ ያንን ትልቁንና ወፍራም ድምፅ ያለውን ባለ ክር መሣሪያ፣ መጫወት ነው። ከዚያ ውጪ ባለኝ ጊዜ ጃዝ እጫወታለሁ፣ ታንጎ እጫወታለሁ፣ የኩባ ሙዚቃም እጫወታለሁ። ሁሉንም አንድ ላይ እንዴት እንደያዝኩት የሚጠይቁኝ ወጣት ቤዚስቶች ስለበዙ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝን ላስቀድም፤ የምት ጉዳይ ነው። በትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ስምንት ያህል ቤዞች ሆነን ብዙ ጊዜ ከቼሎዎቹ ኋላ፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ እንሰለፋለን። ከአንደኛ ቫዮሊኖች መሪ 15 ሜትር እንርቃለን እንበል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ እሱ ያወጣው ድምፅ እኔ ጆሮ የሚደርሰው ከ44 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። ሰምቼ ልከተል ካልኩ ዘግይቻለሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ወፍራሙ ክር ቶሎ አይናገርም። ዝቅተኛው ኢ የተባለው ኖታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገበው፣ ስለዚህ ደጋኑ (ክሩን የምንፈትግበት ዘንግ) ሲነካው ድምፁ ቅርፅ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው የኦርኬስትራ ቤዚስት ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን የሚያምነው። የኦርኬስትራውን መሪ ዱላ፣ የክፍላችንን አለቃ ክንድ፣ የቫዮሊኖቹን ደጋን እያየን፣ የራሳችንን ደጋን አስቀድመን ክሩ ላይ አሳርፈን እንጠብቃለን።

ጃዝ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። ድራመሩ አጠገቤ ነው፣ ዱላ የሚያወዛውዝ ሰው የለም፣ ሌሎቹ ሁሉ እኔን ነው የሚሰሙት። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ 44 ሚሊሰከንድ ማለት የዚያ አንድ አሥረኛ ሊሆን ምንም አይቀረው። ኦርኬስትራ ውስጥ ማንም የማያስተውለው መዘግየት እዚህ ባንዱን በሙሉ ያስነክሳል። ምት መከተል ለምዶ ያደገ ሰው ምት ወደማምጣት መዞር አለበት። ዘውግ መሻገር ሲባል ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ኖታና ኮርዱ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ሜትሮኖሙን፣ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ ማስጮህ ተውኩ። መጀመሪያ ከአራቱ ምቶች 2ኛውና 4ኛው ላይ ብቻ እንዲመታ አደረግኩት። ከዚያ በየመስፈሪያው (በየአራቱ ምት) አንዴ፣ ከዚያ በየሁለት መስፈሪያው አንዴ። በመሃል ያለውን ባዶ ቦታ የምሞላው እኔ ነኝ፣ ሜትሮኖሙ ሲመለስ ደግሞ ፍርዱን ይሰጠኛል። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን የትኛውም መምህር ከሰጠኝ ምክር ሁሉ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው፣ ዛሬም አልተውኩትም።

ሁለተኛው ሥራ ጆሮ ነበር። ኦርኬስትራ ውስጥ ኖታው ፊትህ ተዘርግቷል። ጃዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ የኮርድ ስም ብቻ ነው፣ አንዳንዴ እሱም የለም። የጃዝ ቤዚስቶቹን የሬይ ብራውንንና የፖል ቼምበርስን የቤዝ መስመሮች ከቅጂ እየሰማሁ መጀመሪያ በአፌ እዘፍን ነበር። በአፌ ያልወጣውን በጣቴ አልሞክረውም፣ ወረቀት ላይ መጻፍ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ኖታ አንባቢዎች ወረቀት ስናይ ጆሯችን ይተኛል፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

ስለ እጅ ደግሞ። የቤዝ ክር ርዝመት ከ104 እስከ 106 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ታች ባሉት ቦታዎች ላይ ከአንደኛ ጣት እስከ ትንሿ ጣት አንድ ሙሉ ቶን ብቻ ነው የምንይዘው። አብዛኞቻችን የተማርነው የፍራንዝ ሲማንድል ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ጣት፣ ሦስተኛው ለአራተኛው ድጋፍ። ለኦርኬስትራ ፍቱን ነው። የራስህን ሐሳብ ወዲያው መጫወት ስትፈልግ ግን እጅህ ቶሎ ቶሎ መዝለል ይኖርበታልና ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሶርያ ሐለብ የተወለደው ቤዚስት ፍራንሷ ራባት አውራ ጣትን አንድ ቦታ ተክሎ እጅን ዙሪያውን ማዞር ያስተምራል፣ እኔን ያላቀቀኝ እሱ ነው። ሲማንድልን ግን አልጣልኩም፤ የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያ ፈጣን የቤዝና የቼሎ ቦታ ሲመጣ እጄ ራሱ ወደ ሲማንድል ይመለሳል።

ቀኝ እጅም ሌላ ትምህርት ነው። ኦርኬስትራ ውስጥ በጣት ስንመታ ክብ፣ ለስላሳ ድምፅ ነው የሚፈለገው። ጃዝ ውስጥ የጠቋሚ ጣት ጎን በሙሉ ክሩ ላይ ተኝቶ ይጎትታል፣ ኖታው እስከሚቀጥለው ድረስ መዘመር አለበት። ክርም ይለያል። ለደጋን የሚመች ክር በጣት ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፣ ለጣት የሚመች ደግሞ ደጋን ሲነካው ይንጫጫል። ሁለት መሣሪያ መያዝ የሚችል ዕድለኛ ነው። የማይችል መካከለኛ ክር ይምረጥ፣ ምርጫው ግን ለሚኖርበት ሥራ ያድላ፤ እኔ ለደጋኑ አድልቻለሁ።

አንድ ነባር የክፍላችን ባልደረባ "ጃዝ ከገባህ ደጋንህም ቅኝትህም ይበላሻል" ብሎኝ ነበር። ከልቡ ነው የተናገረው፣ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የኩባው ቤዚስት ካቻዎ፣ ማምቦ የተባለውን የዳንስ ሙዚቃ ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ፣ ገና በልጅነቱ ሃቫና ፊልሃርሞኒክ ገብቶ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያ ተጫውቷል። የጃዝ ቤዚስቱ ቻርልስ ሚንገስ የተማረው የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ቤዚስት ከነበረ መምህር ነው። ሌላው የጃዝ ቤዚስት ሮን ካርተር እ.ኤ.አ. በ1959 ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀው ክላሲካል ተምሮ ነው፤ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች በር ለጥቁር ሙዚቀኛ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1963 ከጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር መጫወት ጀመረ። ይሄን ሳስብ ያናድደኛል። ስንት ኦርኬስትራ ምን ዓይነት ሰው እንዳጣ አስቡት።

በእኔ በኩል ጃዝ ለኦርኬስትራ ሥራዬ የጠቀመው ይበልጣል። ድሮ ኖታውን ነበር የማየው፣ አሁን ኮርዱን እሰማለሁ። በአቀናባሪው ብራምስ ሥራ ውስጥ ረጅም ኖታ ስይዝ የኮርዱ ሦስተኛ ድምፅ መሆኑን ስለማውቅ ሜጀር ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ከላይ ያሉት ነፋሾች ወዲያው ሲረጋጉ ይሰማኛል። ይሄን ያህል የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው።

ከጃዝ በኋላ ሌሎቹ ቀለል ብለው መጡ፣ ጥያቄው አንድ ነውና፦ ቤዙ ምቱን የት ያስቀምጣል? ብሉግራስ በሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ውስጥ 1ኛውና 3ኛው ምት ላይ መታ አድርጎ ሌላውን ለማንዶሊን መተው ነው። ቱምባዎ በሚባለው የኩባ የቤዝ አመታት ቤዙ አብዛኛውን ጊዜ 1ኛውን ምት ይዘለዋል፣ የሚቀጥለውን ኮርድ ከመስፈሪያው በፊት 4ኛው ላይ ያስገባዋል። ኦርኬስትራ ውስጥ ላደገ ሰው እግርን የሚያስት ነገር ነው፤ በአፍ እየቆጠሩ በእግር እየረገጡ ካልሆነ አይገባም። ታንጎ ደግሞ ደጋኑን አጥብቆ ከምቱ በፊት እየጎተቱ መግባት አለው፣ እዚያ ላይ የኦርኬስትራ ክንዴ ትልቅ ሀብት ሆነልኝ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። አንዱን ዘውግ ያዙ፣ ከእናንተ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ተጫወቱ፣ በዚያ ቋንቋ መሳቅ እስክትችሉ ቆዩበት። ኦርኬስትራዎች አንዳንዴ የጃዝ ዜማ ወስደው ስዊንጉን፣ ያንን የጃዝ የሚወዛወዝ ምት፣ በኖታ ጽፈው ሲያቀርቡት ደስ አይለኝም፤ የስዊንግ ስምንተኛ ኖታ ርዝመቱ በፍጥነቱ ይለዋወጣልና ወረቀት አይችለውም። እዚያ መድረክ ላይ ዘውጉን የሚያውቅ ቤዚስትና ድራመር መኖር አለበት፣ ሌላው እነሱን ይከተል።

ስለ እንጀራውም ልበል። ኦዲሽን (የኦርኬስትራ መግቢያ ፈተና) ላይ የሚጠበቁ ቦታዎችን፣ ቤትሆቨን 5ኛና 9ኛን፣ የሞዛርት 40ኛን፣ ዘወትር ሳላቋርጥ እለማመዳለሁ፣ ምክንያቱም በመጋረጃ ጀርባ የሚፈትኑ ሰዎች ታንጎ መጫወቴን አያውቁም። ልምምድ ስጀምር ደጋን ይቀድማል፣ ጣት ይከተላል። የጣት ልምምድ ቆዳና ጅማት ስለሚያደክም ከዚያ በኋላ ደጋን መያዝ ይከብዳልና። ከማላውቀው ባንድ ሲደወልልኝ ደግሞ እሺ ከማለቴ በፊት እጠይቃለሁ፦ ኖታ አለ ወይስ በጆሮ ነው? ደጋን ያስፈልጋል? ማጉያ አለ ወይስ እኔ ላምጣ? ድራመሩ ማነው? የመጨረሻውን መልስ ሰምቼ እምቢ ያልኩበት ሥራ አለ፣ ክፍያው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ በደስታ የሄድኩበትም አለ።