የተመለጡት ዶሮዎቼ

በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለቱ ዶሮዎቼ ጀርባቸው ተመልጧል። ቅንቅን ነው ብዬ ማታ በስልኬ መብራት የቆጡን ስንጥቅ ሁሉ በረበርኩ። ቀዩ ቅንቅን ቀን እንጨት ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ነው ደም የሚመጠው። ምንም የለም። ላባ እየቀየሩ ነው እንዳልል፣ እሱ ከራስና ከአንገት ይጀምራል።

ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ አንዷን ብብታቸው ስር ሸጎጥ አድርገው ጀርባዋን ገለጡ። የተሰበሩ የላባ ግንዶች፣ ግራና ቀኝ፣ ልክ የአውራው ጥፍር የሚያርፍበት ቦታ።

«ስንት ሴት አለህ?»

«ሦስት።»

«ለሦስት ሚስት ይሄን የሚያህል ጎረምሳ!»

ለአንድ አውራ አሥር ያህል ሴት ይመከራል። እኔ በሽታ ስፈልግ ባልየውን ረሳሁት።

ሦስተኛዋ ግን አንድ ላባ አልጎደለባትም። ቀኑን ሙሉ ኩበት ክምሩ ጫፍ ላይ ናት። ሰነፍ ትመስለኝ ነበር።

አውራው አሁን ቅርጫት ተደፍቶበት ይጮሃል።