አምፕ በአምፕ ከመለወጤ በፊት

ለዓመታት ጊታር የተጫወትኩት በሮላንድ ጄሲ-120 ነው። ጃዝ ኮረስ የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ፣ በትራንዚስተር የሚሠራ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው 120 ዋት አምፕ፣ ማለትም የጊታር ድምፅ ማጉያ። ጓደኛዬ ደግሞ ቮክስ ኤሲ15 ነበረው፤ ቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ)፣ 15 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር። እሱ የእኔን ኮረስ (ድምፁን የሚያሰፋና የሚያወዛውዝ)፣ እኔ የእሱን ኦቨርድራይቭ (አምፑ ሲጨናነቅ የሚያወጣውን ሻካራ ድምፅ) ስንመኝ ከረምን። በመጨረሻ «ለምን አንለዋወጥም? ጭማሪ ምናምን የለም፣ እጅ በእጅ» አለኝ።

እሺም እምቢም አላልኩም። «መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንፈትሻቸው» አልኩት።

ሰምቶ የሳቀብኝ ሰው ነበር። «120ን በ15?» ዋትን እንደ ኪሎ የሚቆጥር ሰው እንደዚያ ማለቱ አይገርምም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሯችን «አሁን እጥፍ ጮኸ» የሚለው ደግሞ በግምት 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። 120 ዋት የ15 ስምንት እጥፍ ነው፤ በድምፅ ሲሰላ 9 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ስፒከሩም የራሱ ድርሻ አለው። በአንድ ዋት 97 ዴሲቤል የሚሰጠውን አውጥተው 100 የሚሰጠውን ቢያስገቡ፣ አምፑን በዋት እጥፍ እንዳደረጉት ይቆጠራል። ስለዚህ የትኛው ይጮሃል የሚለው ብዙም አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሳይሰበር፣ ንጹህ እንደሆነ እስከየት ድረስ ይሄዳል የሚለው ነው። እዚያ ላይ 9 ዴሲቤል ብዙ ነው።

ወደ ፈተናው ልግባ። ሁለት አምፕ ሲወዳደር ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙንና ትሬብሉን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ) አሳንሶ ይሰማል። ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 በኩርባ ሥለው አሳይተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ከፍታቸውን ማስተካከል ነው። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭኜ፣ ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጬ፣ ያንኑ ኮርድ በሁለቱም እየመታሁ ቁጥሩ እስኪገናኝ ድረስ ማዞሪያውን አስተካከልኩ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ላይሆን ይችላል። ለማነጻጸር ግን በቂ ነው፤ ቢሳሳትም ለሁለቱም እኩል ይሳሳታል።

ከዚያ ሉፐር ፔዳል አመጣን፤ በእግር የሚረገጥ፣ የቀዱትን እየደጋገመ የሚያጫውት መሣሪያ ነው። ይህንን ሐሳብ ለማንም እመክራለሁ። አንድ አጭር ነገር ተጫውቼ ሉፐሩ ላይ ቀዳሁት። አሁን የጣቴ አመታት አይለዋወጥም፤ ያው ምት፣ ያው ጊታር፣ ያው ኬብል ነው የሚደጋገመው። ከሉፐሩ በኋላ ኤቢ ፔዳል (ድምፁን ከአንዱ አምፕ ወደ ሌላው የሚቀይር) አስገብተን ወደ ሁለቱም አምፕ ሰካነው። ኮረሱን አጠፋሁ፣ ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ዘጋሁ፣ ሁለቱንም ክሊን፣ ማለትም ንጹህ ድምፅ ላይ አደረግኳቸው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ጓደኛዬ ኤቢውን በእግሩ እየረገጠ «ይሄኛው የቱ ነው?» ይለኛል።

ደጋግሜ አምታታኋቸው! ቶኑን ካቀራረብናቸው በኋላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ያ ሁሉ ስንከራከርበት የከረምነው የቲዩብና የትራንዚስተር ልዩነት አንድ ጣት ትሬብል ያህል ሆነ። (ቶን ስናቀራርብ የቮክሱ «ካት» የሚባል ማዞሪያ ትንሽ አደናግሮን ነበር። ወደ ቀኝ ባዞሩት ቁጥር ትሬብሉን የሚቀንስ ነው። ለማያውቀው ሰው አምፑ የታመመ ይመስላል።)

ሉፐሩን አጥፍቼ ጊታሩን ራሴ ስጫወት ግን ነገሩ ተገለበጠ። የኤሲ15ን ቮልዩም ከፍ አድርጌ በቀስታ ስነካው ጥርት ይላል። ጠንከር አድርጌ ስመታው ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሻካራ ይሆናል። የጊታሩን ቮልዩም ወደ ስድስት ዝቅ ሳደርግ ተመልሶ ይጠራል። ፔዳል ሳልረግጥ፣ በቀኝ እጄ ብቻ ሦስት ዓይነት ድምፅ አገኛለሁ። ጄሲው ላይ ጠንክሬ ስመታ የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ነው። ይህ ጉድለቱ አይደለም፤ የተሠራውም እንደዚያ እንዲሆን ነው። ኦቨርድራይቭ ፔዳል ባስገባበትም ጥሩ ይሰማል፤ ግን ከእጄ ጋር አይነጋገርም። ከዚህ የወሰድኩት ነገር፦ የሌላ ሰው ቪዲዮ አይቶ አምፕ መምረጥ ግማሹን ብቻ መስማት ነው። ሉፐሩ ያመለጠውን ቪዲዮውም ያመልጠዋል።

ቀጥሎ ልምምድ ላይ ከድራመርና ከቤዝ ጋር አየሁት። እዚህ ቮክሱ ላበው። ነጠላ ኖታ ሲሆን ምንም አይል። ስድስቱንም ገመድ ሙሉ ኮርድ ስመታ ግን፣ ድራመሩ ሲያጦፈው፣ ንጹህ ሆኖ መዝለቅ አቃተው። ጄሲው ደንታም አልሰጠው። የድራሙን ጉልበት ለሚያውቅ ይህ የሚጠበቅ ነው። ማይክ አምፑ ፊት አቁመን ወደ ትልቁ ስፒከር ስናስገባው ችግሩ ተቃለለ፤ ማይክና ያ ስፒከር በሌለበት ቦታ ግን ክሊን ለሚጫወት ሰው 15 ዋት ይጠብበዋል።

የዕቃውን ጤንነት ማየትም ነበረብኝ። መጀመሪያ ከኋላው የተጻፈውን ቮልቴጅ አየሁ፤ ለ120 ቮልት የተሠራን አምፕ 220 ላይ መሰካት ማለት መሰናበት ነው። አምፑን አብርቼ እያንዳንዱን ማዞሪያ ከዳር እዳር በቀስታ አዞርኩ፤ የሚንኳኳ ካለ አቧራ ይዞታል ማለት ነው፣ በማጽጃ ይድናል። ትንንሾቹን ቲዩቦች በእርሳስ ጫፍ ቸብ ቸብ አደረግኳቸው። አንዱ በስፒከሩ ውስጥ እንደ ደወል አቃጨለ፤ እርጅና ነው፣ ቲዩብ ደግሞ የሚቀየር ነገር ነው። እሱን ጓደኛዬ ሊቀይር ተስማማ። ሻሲውን (የውስጡን የብረት ሳጥን) ግን አልከፈትኩትም፤ ማንም እንዳይከፍት። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይይዛሉ። ስፒከሩ ሳይሰካም ማብራት የለም፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ውሳኔው ጋ ስደርስ የትኛው ይበልጣል ማለቱን ተውኩት። ጄሲውን ብሰጥ የማጣው ምንድን ነው፣ ያጣሁትንስ በሌላ መንገድ ማግኘት እችላለሁ ወይ? ጉልበቱን በማይክ አገኘዋለሁ። አስተማማኝነቱን በከፊል፤ መለዋወጫ ቲዩብ ይዤ እዞራለሁ። ኮረሱን ግን አላገኘውም። ጄሲው ኮረስ ሲበራ በአንዱ ስፒከር ጥሬውን ድምፅ፣ በሌላው የሚወዛወዘውን ያወጣል፤ የሚቀላቀሉት አየሩ ላይ ነው። ፔዳል በአንድ ስፒከር ያንን ስፋት አይሰጥም። በተቃራኒው ደግሞ ከእጅ ጋር የሚነጋገረውን የቮክሱን ድምፅ ጄሲው ላይ በፔዳል ለማምጣት ዓመታት ሞክሬ አላረካኝም። ኮረስ የምጠቀመው በሁለት ሦስት ዘፈን ነው። ቀኝ እጄን የምጠቀመው ሁልጊዜ ነው።

ክብደትም ገብቶበታል፤ አልዋሽም። ጄሲው 28 ኪሎ ነው፣ ቮክሱ 22። ጄሲው ጎማ አለው ይባል ይሆናል፤ ደረጃ ላይ ግን ጎማ ምን ያደርጋል?

ተለዋወጥን። ከመለዋወጣችን በፊት ሁለት ነገር ተነጋገርን። አንደኛ፣ ፉትስዊቹ (በእግር የሚረገጠው ማብሪያ) እና ሽፋኑ ከአምፑ ጋር ይሄዳሉ። ጓደኛ ሆኖ በፉትስዊች መቀያየም አለ፤ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ከሁለታችን አንዱ ቅር ካለው እስከተስማማንበት ቀን ድረስ ያለ ምንም ጥያቄ ይመለሳል። ቀኑ አለፈ፤ ማናችንም አልመለስንም። ኮረስ የሚፈልጉት ዘፈኖች ሲደርሱ ትንሽ ፔዳል እረግጣለሁ። ልዩነቱ ይሰማኛል፤ ከባንዱ ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።